የዘጠኝ ሰዓቱ ወተት

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው መቀስቀስ ግፍ ይመስላል። ይልቁንም የምትቀሰቀሰው ግማሹን መንገድ በእግር፣ ግማሹን በአይሱዙ መጥታ አልጋው ሥር ነጠላዋን ተከናንባ የተጋደመች እናት ስትሆን። «እናት፣ ተነሺ፤ ወተቱ ደርሷል» እላታለሁ። ዓይኗን ሳትገልጥ «ሲስተርዬ፣ አሁን ገና እኮ ነው ያሸለበው፤ ይተኛበት» ትለኛለች። ልጁ እውነትም ተኝቷል። አያለቅስም፣ አይገላበጥም። የኔ ሥራ ያንን ዝምታ አለማመን ነበር።

ከነርሲንግ ትምህርት በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ወሎ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል፣ ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ኤፍ-75 የሚባለውን ወተት በየሦስት ሰዓቱ፣ ለባሰበት ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ እንሰጣለን፤ መዋጥ ካቃተው በአፍንጫ ቱቦ። ስሙ የመጣው ከቁጥሩ ነው፤ 100 ሚሊ ሊትሩ 75 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። አባቶች ልኩን ሲያዩ ይናደዳሉ። «ልጄ በረሃብ አለቀ ስላችሁ በሲኒ ትሰፍሩለታላችሁ?» ያለኝ አንድ አባት ነበር። ያን ጊዜ «መመሪያው ነው» ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ከልጆቹ አንዱን እነግራችኋለሁ። ሁለት ዓመት ተኩል ይሆነዋል። እግሩና ፊቱ አብጦ ስለነበር ከሩቅ ለሚያየው የጠገበ ልጅ ነው። አውራ ጣቴን ከእግሩ ላይ ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭኜ ሳነሳው ግን፣ ሊጥ ላይ እንዳረፈ ጣት ጉድጓዱ እንዳለ ይቀራል። ፀጉሩ ሳስቶ ወደ ቀይነት አድልቷል፤ የጭኑ ቆዳ እንደ አሮጌ የግድግዳ ቀለም ይቀረፋል። ክዋሽዮርኮር፤ ሰውነትን የሚያሳብጠው ከባድ የምግብ እጥረት። ሐኪሙ ሆዱን ዳሰሰና የኔን እጅ ይዞ ከቀኝ ጎድኑ በታች አሳረፈው። «ተሰማሽ?» ተሰማኝ። ጠርዙ ለስለስ ያለ ነገር፣ ከጎድኑ በታች አራት ጣት ያህል ወርዷል። «ጉበቱ ነው፤ ስብ ሞልቶት ነው» አለና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

እኔ እዚያው ቀረሁ። ስብ? እህል ካየ የሰነበተ ልጅ ስቡን ከየት አመጣው? ጉበቱ ስብ ያዘ ሲባል በአእምሮዬ የሚመጣው ቦርጩን ያስቀደመ፣ ቢራና ጥሬ ሥጋ የማይለየው ሰው ነበር። ጥያቄዋ ትንሽ ናት፤ ግን ዓመታት ተከተለችኝ። ስከተላት ሲድኒም አሪዞናም ወሰደችኝ፤ መልሳ ደግሞ እዚሁ የኤችአይቪ ክሊኒካችን በር ላይ አቆመችኝ።

ጉበትን ከዱለት ሌላ የማናስበው ሰዎች ብዙ ስለሆንን ነገሩን በቤት ቋንቋ ልበለው። ጉበት የሌሊት መጋቢያችን ነው። እኛ ስንተኛ አንጎል አይተኛም፤ ስኳር ይፈልጋል። ጉበት ቀን ያጠራቀመውን ስኳር ሌሊት ቀስ እያለ ወደ ደም ይለቃል። የአዋቂ ክምችት ሌሊቱን ያሳልፋል። የሕፃን ጎተራ ግን ትንሽ ነው፤ አንጎሉ ደግሞ ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ፣ በላተኛ። በጥቂት ሰዓት ስኳሩ ያልቃል። ያኔ ጉበት ወደ ሁለተኛው ስንቅ፣ ወደ ስብ ይዞራል።

ስብ እንደ ስኳር እየተዘገነ አይሰጥም። መቃጠል አለበት፤ የሚቃጠለውም ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ነው። ተማሪ ሳለን «የሴል የኃይል ማመንጫ» እያልን የሸመደድናት ነገር። አንድ የጉበት ሴል ከ1,000 እስከ 2,000 የሚሆኑ አሉት። ኃይል ማመንጫ የሚለው አጠራር ለኔ ሩቅ ነው፤ ግድብና ሽቦ ነው የሚያሳየኝ። ምድጃ ብላቸው ይቀለኛል። ምድጃ እቤት ውስጥ ነው፤ ሲጠፋ ወዲያው ይታወቃል።

ስቡ ሲነድ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው ኪቶን ነው፤ ስኳር ሲያጥር አንጎል በምትኩ የሚበላው። ሁለተኛው፣ ጉበት ራሱ አዲስ ስኳር እንዲሠራ የሚያስችለው ጉልበት። ምድጃው ከጠፋ ሁለቱም የሉም። ስቡ ግን መምጣቱን አይተውም። የተራበ ሰውነት ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ እያቀለጠ ወደ ጉበት ይልካል፤ ጉበትም ማቃጠል ስላቃተው በጥቃቅን ጠብታ ያጠራቅመዋል። ያብጣል። ጎተራው ሞልቶ ቤተሰቡ ጦሙን ያድራል።

በዚህ ላይ ጭሱ አለ። ስኳር በምድጃው ማለፍ ሲያቅተው ላክቲክ አሲድ ሆኖ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ልጁ አልጋ ላይ ተኝቶ ዳገት እንደወጣ ሰው ይተነፍሳል። ከፕሮቲን የሚወጣውን አሞኒያ በሽንት ወደሚወገድ ዩሪያ የመለወጡ ሥራ የሚጀመረውም እዚያው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ነው። ሥራው ሲቆም አሞኒያው አንጎልን ያገኘዋል። ትውከት፣ መነጫነጭ፣ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ፣ ከዚያ ራስን መሳት። ቤተሰብ የሚያየው ጭንቅላቱን ነው፤ እሳቱ የጠፋው ሆዱ ውስጥ ነው።

ይህን በመጀመሪያ በጥራት ያየው ሰው ሲድኒ፣ አውስትራሊያ፣ በሕፃናት ሆስፒታል ይሠራ የነበረ ፓቶሎጂስት ነው፤ ዳግላስ ራይ። (ሬይ የምንለው ብዙ ነን፤ ትክክሉ ራይ ነው።) በ1963 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባሳተመው ጽሑፍ የ21 ሕፃናትን ታሪክ ዘርዝሯል፤ 17ቱ ሞተዋል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ታሪካቸው ይመሳሰላል። ጉንፋን ቢጤ ይይዛቸዋል፤ ተሻላቸው ሲባል ትውከት ይጀምራል፤ ከዚያ መቃዠትና ራስን መሳት ይመጣል። አስከሬኑ ሲከፈት ጉበቱ ሥጋ ቤት እንደምናውቀው ጥቁርና ቀይ ሳይሆን ደማቅ ቢጫ ነው። ስብ።

እዚህ ላይ አያቴን ላንሳ። እኛ ዘንድ ጉበት ታመመ የሚባለው ዓይን ቢጫ ሲሆን ነው፤ የወፍ በሽታ እንለዋለን። አያቴ የሌሊት ወፍ ነው የሚያመጣው ትል ነበር፤ ማታ ማታ እኛን ልጆቹን ከደጅ የምትሰበስበንም በዚሁ ሰበብ ነው። ጉዱ ግን ይኼ ነው፤ ራይ ካያቸው ዓይነት ልጆች የአብዛኞቹ ዓይን ቢጫ አይሆንም። ጉበቱ በውስጥ ቢጫ፣ ዓይኑ ነጭ። ዓይን እያየ «ጉበቱስ ደህና ነው» የሚል ሰው፣ እናትም ትሁን ነርስ፣ ይሳሳታል። እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ።

በ1971 አሜሪካ ውስጥ የነዚህን ልጆች ጉበት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያዩ ሰዎች ማይቶኮንድሪያዎቹ አብጠውና ቅርጻቸውን አጥተው አገኟቸው። ከሞት የተረፉት ልጆች ጉበት ደግሞ በቀናት ውስጥ ወደ ጤናው ይመለሳል። ምድጃው አልፈረሰም፤ ጠፍቶ ነበር እንጂ። ማን አጠፋው? በ1980 አሪዞና ውስጥ በአንድ ወረርሽኝ የታመሙ 7 ልጆች ተጠየቁ፤ ሰባቱም ለትኩሳታቸው አስፕሪን ወስደዋል። እንደነሱ ጉንፋን ይዟቸው በሽታው ካልደረሰባቸው 16 ልጆች መካከል የወሰዱት 8 ናቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ብዙ ሰው ተከራክሮበታል፣ የአስፕሪን አምራቾችም ዝም አላሉም። ሌሎች ጥናቶች ተከተሉ፤ በ1986 የአሜሪካ መንግሥት አስፕሪን ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ አስገደደ። በ1980 ብቻ 555 ሕሙማን የተመዘገቡባት አገር፣ ከ1994 ወዲህ ባሉት ዓመታት በዓመት ከ2 በላይ አላየችም።

ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። አስፕሪን የጉንፋን ቫይረስ ያዳከመውን ምድጃ እንዴት እንደሚያጠፋ ገና በቅጡ ሳይገባቸው ማሰሮውን ከአጠገቡ አራቁት። ሙሉ ማብራሪያ እስኪገኝ ቢጠብቁ ኖሮ ስንት ልጅ ይቀበር ነበር?

አሁን የምሠራው ከተማ ውስጥ፣ አንድ ክሊኒክ ነው። «ግማሽ አስፕሪን ሰጥቼው ነበር» የሚል አባት አሁንም ይመጣል፤ በእርጋታ ነው የማስረዳው። ለሩማቲክ ትኩሳት ወይም ለልብ ሐኪም ያዘዘለት ልጅ ያቋርጥ ማለቴ አይደለም፤ ያ ሌላ ነው። ለተራ ትኩሳት ግን ፓራሲታሞል አለ፤ እሱም በኪሎው ተሰልቶ። ስማቸው የተለያየ፣ ውስጣቸው አንድ የሆነ ሁለት ሽሮፕ ደራርባ የምትሰጥ እናት አጋጥማኛለች። ፓራሲታሞልም ከልኩ ሲያልፍ የሚመታው ያንኑ የጉበት ምድጃ ነው።

የራይ ታሪክ ሌላ ገጽ አለው። በሱ ስም «ራይ ሲንድሮም» በተባለው በሽታ ሞቱ ከተባሉት ልጆች አንዳንዶቹ ችግራቸው አስፕሪን እንዳልነበር በኋላ ታወቀ። ስብን ለማቃጠል ከሚያስፈልጉት ኢንዛይሞች አንዱ ሲወለዱ ጀምሮ የለባቸውም። ኤምካድ የሚባለው እጥረት ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን ጤነኛ ሆኖ ይወለዳል፣ ይጠባል፣ ይስቃል። ከዚያ አንድ ቀን ያተኩሰዋል፣ ምግብ እንቢ ይላል፣ ሳይበላ ያድራል። በዚያች አንዲት ሌሊት ስኳሩ ያልቃል፤ ስቡ አይነድም፤ ጠዋት እናቱ ስትቀሰቅሰው አይነቃም። መድኃኒቱን ስሰማ ሳቄ መጥቶ ነበር፦ ሳይበላ አይደር። በቃ። ይኸው ነው ሕክምናው።

ልጅ ሆኜ እሑድ ጠዋት ለቁርባን አፌን ሳላሟሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምወሰድበትን ጊዜ አስታውሳለሁ፤ ሆዴ ሲንጫጫ፣ እናቴ «ትንሽ ቻይ» ስትለኝ። ቻልኩ፤ ምድጃዬ ጤነኛ ነበር። ጾምን የማነሳው ለመንቀፍ አይደለም፤ ራሴም እጾማለሁ፤ የንስሐ አባቴም የታመመ ልጅ አይጾምም ባይ ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ በሃይማኖት የሚጾመው ልጅ ሳይሆን በትኩሳትና በትውከት ምክንያት ማንም ሳያውቅለት ጦሙን የሚያድረው ነው።

እህቴ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ናት። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጇን በወለደች በማግስቱ ደወለችልኝ፤ ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «እትዬ፣ ተረከዙን ወጉት እኮ! ደሙን በወረቀት ላይ አንጠባጠቡት። ምን አይተውበት ነው?» ምንም አላዩበትም። እዚያ የሚወለድ ሕፃን ሁሉ ይወጋል፤ ከዚያች ጠብታ ደም ኤምካድን ጨምሮ በርካታ የውልደት በሽታዎች ይታያሉ። ነገርኳት። ዝም አለችና «ታዲያ ውጤቱ እስኪመጣ በየስንት ሰዓቱ ላጥባው?» አለችኝ። «በየሦስት ሰዓቱ» አልኳት፤ «ቢተኛም ቀስቅሰሽ»። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገዛ ድምፄን የሰማሁት፤ የወሎዋ የሌሊት ተረኛ ድምፅ ነበር።

አሁን ወደ ኤችአይቪ ክሊኒኩ። ይህን ክፍል ስጽፍ ወደ ውስጥ የሚያመኝ ነገር አለ፤ ምክንያቱም መድኃኒቱን በእጄ አድያለሁ።

ማይቶኮንድሪያ የራሷ ትንሽ መጽሐፍ አላት፤ 16,569 ፊደላት፣ 37 ጂኖች። ምድጃው ሲራባ ይህች መጽሐፍ መገልበጥ አለባት። የሚገለብጣት ፖሊመሬዝ ጋማ የሚባል አንድ ኢንዛይም ነው፤ እኔ ቁም ጸሐፊው ብዬዋለሁ። ቁም ጸሐፊው ከሰነፈ ወይም ከታመመ ቅጂው ያንሳል፤ ቅጂ ሲያንስ ምድጃው አንድ በአንድ ይጠፋል።

ስታቩዲን፣ በክሊኒክ ቋንቋ ዲ-ፎር-ቲ፣ በ2005 ነጻ የኤችአይቪ ሕክምና ሲጀመር በብዛት ከተሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ነበር። ሰውን ከሞት አፋፍ መልሷል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። ቫይረሱ ራሱን ሲገለብጥ የሐሰት ፊደል ያቀብለዋል፤ ቫይረሱ ያችን ፊደል ከጻፈ ወዲያ መቀጠል አይችልም። ችግሩ የኛም ቁም ጸሐፊ ያችኑ ፊደል እየተቀበለ መጻፉ ነው። ጉንጫቸው የሟሸሸ ሕሙማን ታስታውሳላችሁ? ሰፈር ውስጥ ሰው በጉንጩ ይታወቅ ነበር። የጥቂቶቹ፣ ሕፃናትንም ጨምሮ፣ ላክቲክ አሲዱ እየጨመረ ጉበታቸው በስብ አበጠ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 መድኃኒቱ ቀስ በቀስ እንዲቀር መከረ፤ እኛም በሌላ ተካነው። ያኔ የማድለው የመድኃኒት ካርቶን ላይ ስለ ቁም ጸሐፊ የሚል ነገር አልነበረም።

ይኸው ቁም ጸሐፊ በውልደት የሚበላሽባቸው ልጆች አሉ። በርናርድ አልፐርስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1931 ልጆች ላይ የሚታይ፣ አንጎልን የሚበላ በሽታ ገለጸ፤ ጉበትም አብሮ እንደሚጠፋ ቆይቶ ተስተዋለ፤ መነሻው የፖሊመሬዝ ጋማ ጂን መሆኑ የታወቀው በ2004 ነው። ልጁ ጤነኛ ሆኖ ይቆይና የሚጥል በሽታ ይጀምረዋል። ሐኪሙ ቫልፕሮየት ያዛል፤ ለብዙ ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው። ለዚህ ልጅ ግን ጉበቱን በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይጨርሰዋል፤ በየትም አገር የሚታዘዝ መድኃኒት የአንድን ልጅ የተደበቀ ገመና እንዲህ ያወጣል። ሌላ ጉበት ቢተከልለትም አንጎሉ ያው የድሮው ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ንቅለ ተከላውን አይደፍሩትም። ለወላጅ ይህን መንገር ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ መገመት ብቻ ነው የምችለው።

በዚህ መሀል የሚያንገበግበኝ የእናቶች ነገር ነው። ማይቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ ይወረሳል ሲባል ሰምታችኋል፤ ልክ ነው፣ ያቺ የ37 ጂኗ መጽሐፍ የእናት ናት። አንድ የተማረ ዘመድ ይህን ሰምቶ የወንድሙን ሚስት «እንግዲህ በአንቺ በኩል ነው» ሲላት እኔው ፊት ነበር። ጆሮዬ ጋለ። ማይቶኮንድሪያን የሚሠሩት ፕሮቲኖች ከ1,000 በላይ ናቸው፤ ከዚያች መጽሐፍ የሚወጡት 13 ብቻ ናቸው። የቀረው ሁሉ ከእናትም ከአባትም ከሚመጣው ዋናው መዝገብ ነው። ቁም ጸሐፊውን ጨምሮ ልጆችን በጨቅላነታቸው በጉበት የሚጥሉት ስሕተቶች በአብዛኛው የሚመጡት ከዚያ ነው። አባትም እናትም አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ይዘው፣ ራሳቸው ምንም ሳይሆኑ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ነው ልጁ የሚታመመው፤ በየእርግዝናው ከአራት አንድ ዕድል። ሰባት ቤት ድረስ ዘር ቆጥረው የሚያጋቡት አባቶቻችን ጂን አላዩም፤ ግን የሥጋ ዘመዳሞች ጋብቻ ይህን ዕድል እንደሚያሰፋው ያወቁ ይመስል ነበር። ቆጥሮ የተጋባም ቢሆን አያመልጥ ይሆናል። ጥፋተኛ የለበትም።

ከነዚህ ሁሉ አንዱ ተስፋ አለው። ትርሙ በሚባል ጂን ስሕተት ጉበታቸው የሚወድቅ ጨቅላዎች በ2009 መጀመሪያ የተገለጹት ከየመን በመጡ የአይሁድ ቤተሰቦች ውስጥ ነው። ሁለት ሦስት ወር ሲሆናቸው ይወድቃሉ። የሚገርመው፣ ያቺን ክፉ ወቅት በሕይወት ካለፉ ብዙዎቹ ጉበታቸው ይድናል። ያ ጂን የሚያሠራው ኢንዛይም ሲስቲን የሚባል አሚኖ አሲድ ይፈልጋል፤ ጨቅላ ደግሞ ሲስቲንን ራሱ በበቂ መሥራት የሚችለው ትንሽ ካደገ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሐኪሞች እስኪያድግ ድረስ ከውጭ ይሰጡታል። ምድጃው ክብሪት እየጠበቀ ነበር ማለት ነው።

ያ ልጅ፣ የኔው፣ ከነዚህ ሁሉ አንዱም አይደለም። ጂኑ ደህና ነው፤ አስፕሪንም አልቀመሰም። ክዋሽዮርኮር የሚለውን ስም የሰጠችው ሲሲሊ ዊሊያምስ የምትባል ሐኪም ናት፤ ተወልዳ ያደገችው ጃማይካ፣ የሠራችው ዛሬ ጋና በምትባለው አገር። በ1930ዎቹ ነው። ቃሉ የጋ ሕዝብ ቋንቋ ነው፤ ታናሽ ሲወለድ ጡት የተነጠቀ ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። የሞቱትን ስትመረምር እሷም ያየችው ያንኑ ነው፤ በስብ የተሞላ ጉበት። ስቡ ለምን እንደሚጠራቀም ዛሬም ድረስ ሙሉ መልስ አላገኘም። ግን በ2016 የታተመ የካናዳና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሥራ ፕሮቲኑ ያነሰ ምግብ ለአራት ሳምንት የበሉ ግልገል አይጦችን ተመልክቶ፣ በጉበታቸው ውስጥ መጀመሪያ ማይቶኮንድሪያን የሚያግዙት ፔሮክሲሶሞች እንደሚመናመኑ፣ ከዚያም ማይቶኮንድሪያው ራሱ እንደሚደክም አሳየ። አይጥ ነው፤ የወሎ ልጅ አይደለም። ሳነበው ግን እጄ ያ ለስላሳ ጠርዝ ላይ ተመልሶ ያረፈ መሰለኝ።

ለዚያ አባትም መልስ ያገኘሁት ያኔ ነው። በሲኒ የምንሰፍረው ስለሰሰትን አልነበረም። ኤፍ-75 ስቡም ፕሮቲኑም ያነሰ ነው፤ ፍሙ በጠፋ ምድጃ ላይ ግንድ ቢጭኑበት ይታፈናል እንጂ አይነድም። በጭራሮ ይጀመራል፣ ቶሎ ቶሎ፣ ሌሊትም ጭምር። «በልጅህ ጉበት ውስጥ እሳት እያያያዝን ነው» ብለው ኖሮ ይገባው ነበር፤ ገበሬ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለማንም ነግሬ አላውቅም። በአምስተኛው ሌሊት ይሁን በስድስተኛው፣ የሚያንቀጠቅጠው ሕፃን መጣብን። ተረኞቹ ሁለት ነን፤ ሐኪሙ ወደ ማዋለጃ ክፍል ተጠርቷል። ለአዲሱ ልጅ ደም ሥር ፍለጋ ስንታገል የዘጠኝ ሰዓቱ ወተት አለፈ። አልረሳሁትም ማለት እፈልጋለሁ። ረስቼዋለሁ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ስመለስ ልጁ እንደተኛ ነው። ብብቱ ቀዝቅዟል። ተረከዙን ወግቼ ግሉኮሜትሩን ሳይ ቁጥር አልነበረም፤ «ሎ» ይላል፤ መሣሪያው ሊያነብ ከሚችለው በታች ማለት ነው። ከ54 በታች ከሆነ አስቸኳይ ነው ተብለን ነበር የተማርነው። 50 ሚሊ ሊትር የስኳር ውኃ በቱቦ፤ እናቱ ደረቷ ላይ አድርጋ በብርድ ልብስ ስትጠቀልለው፤ እኔ ዓይኑን ስጠብቅ። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ገለጠው፤ ከዚያም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አለቀሰ።

እናቱ እኔን አላየችም። ልጇን እያየች «ይተኛበት ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ» ትላለች። በዚያ ሌሊት አልቀሰቀስኳትም፤ እሷም ምንም አላለችኝም። ያለፈውን ሌሊት ነበር የምታስታውሰው። «አይደለም፣ የኔ ጥፋት ነው» ማለት ነበረብኝ። «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ብቻ አልኳት።

ልጁ ዳነ። ጉበቱን በየጥቂት ቀኑ እዳስሰው ነበር፤ አራቱ ጣት ሦስት ሆነ፣ ሦስቱ ሁለት። እብጠቱ ሲወርድ ከሥሩ ቀጫጫ ልጅ ወጣ። ከወተቱ ወደ ፕላምፒነት፣ ወደ እሽጉ የለውዝ ምግብ፣ ሲሻገር እሽጉን በጥርሱ ለመቅደድ ይታገል ነበር። እኔን ሲያይ ደግሞ ይጮሃል፤ መርፌ ይዤ የምመጣው እኔ ነኛ። በሚወጣበት ቀን ጎድኑ ሥር የሚዳሰስ ነገር አላገኘሁም።

የእህቴ ልጅ የተረከዝ ውጤት በሳምንቱ መጣ፤ ደህና ነው፣ ምንም የለበትም። አራተኛ ወሩን በያዘ ሰሞን እንደገና ደወለችልኝ፤ እኛ ጋ ጠዋት፣ እነሱ ጋ እኩለ ሌሊት ነው። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«እትዬ፣ ማታ ከጠባ እንደተኛ ነው። ስድስት ሰዓት ሆነው። ትንፋሹን እየሰማሁ ነው። ልቀስቅሰው?»

«አተኩሶታል?»

«አላተኮሰውም።»

«አስመልሶታል?»

«ኧረ የለም። እጁን ዘርግቶ ነው የተኛው፣ ብታዪው።»

ትንሽ ቆየሁ።

«አትቀስቅሺው» አልኳት። «አንቺም ተኚ።»